የፊልም ጽሑፍ ደራሲ አለውን? በዳን ኦባነን የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ንባብ

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፊልም ጽሑፍ ላይ ለመሥራት ፈልጎ ወደ ቢሮዬ መጣ። ያሰበው የአንድን የፊልም ጸሐፊ ሥራዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መመርመር ነበር። እኔም ብዙ ሳላመነታ ከለከልሁት። «የፊልም ጽሑፍ ግንበኛ ቤት ሲሠራ እንደሚያቆመው ርብራብ ነው» አልሁት፤ «ቤቱ ሲያልቅ ይፈርሳል። ርብራብ የሚያጠና ሰው የለም። ይልቅ አንድ ልቦለድ ውሰድ።» ተማሪው በትሕትና አዳመጠኝ፤ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። «መምህር፣ አዘጋጁም፣ ተዋንያኑም፣ ሠዓሊውም በየፊልሙ እየተለወጡ አንድ ዓይነት ሐሳብ በአምስት ፊልሞች ውስጥ ተደጋግሞ ቢገኝ ሐሳቡ የማን ነው ይባላል?» መልስ አልነበረኝም። ተማሪው እንዳዘዝሁት ልቦለድ ወስዶ ሠራ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘ። ጥያቄው ግን እኔው ዘንድ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው። ለማሳያነት የመረጥሁት አሜሪካዊውን የፊልም ጸሐፊ ዳን ኦባነንን ነው። ምክንያቶቼ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ኦባነን ከ1974 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ውስጥ በስሙ የታዩት ዋና ዋና ፊልሞች አብዛኞቹ በአንድ ዘርፍ፣ ማለትም በሳይንስ ልቦለድ ወይም በዚያ አዋሳኝ ያሉ ከመሆናቸውም በላይ የተለያዩ አዘጋጆች የሠሯቸው ናቸው። ስለዚህ የጸሐፊውን ድርሻ ከአዘጋጁ ድርሻ ለይቶ ለማየት ይመቻሉ። ሁለተኛ፣ የታወቀበት ሥራ የሆነው «ኤሊየን» የመጀመሪያ ረቂቁ ዛሬ ለንባብ ይገኛል። ረቂቁንና ፊልሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ መናገር ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እጠይቃለሁ።

ለተማሪው የሰጠሁት መልስ የእኔ ፈጠራ እንዳልነበረ መናገር ይገባኛል። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ በ1954 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ በአገሩ ፊልም ላይ ገዥ የነበሩትን ጸሐፍት አጥብቆ ነቅፎ የፊልም ደራሲ አዘጋጁ ነው ለሚለው አስተሳሰብ መንገድ ከፈተ። አንድሩ ሳሪስ በ1962 ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛው ዓለም አሻገረው። ከዚያ ወዲህ በፊልም ሂስ ውስጥ «ደራሲ» ማለት በአብዛኛው አዘጋጅ ማለት ሆኖ ቆይቷል። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ጠቅሟል። ብዙ አዘጋጆችን ከቅጥር ሠራተኛነት ወደ ኪነ ጥበብ ባለሙያነት ከፍ አድርጓል። ነገር ግን አንዱን ከፍ ለማድረግ ሌላውን ዝቅ አድርጓል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም ጽሑፉን አሳልፈን ሰጥተን ዝም ብለናል።

2. ጠፈርተኛው እንደ ተራ ሠራተኛ

ኦባነን በ1946 በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። በሎስ አንጀለስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያጠና ከጆን ካርፔንተር ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ በ1970 የጀመሩት የተማሪ ሥራ ቀስ በቀስ አድጎ በ1974 «ዳርክ ስታር» የተሰኘ ሙሉ ፊልም ወጣው። ወጪው 60,000 ዶላር ገደማ ነበር። ካርፔንተር አዘጋጀ። ኦባነን ደግሞ ከእርሱ ጋር ጽሑፉን ጻፈ፤ ፊልሙን ቆርጦ ቀጠለ፤ የፊልሙን ገጽታ ነደፈ፤ ሳጅን ፒንባክ የተባለውንም ገጸ ባሕርይ ተጫወተ።

የታሪኩ ትልም ቀላል ነው። አራት ሰዎች የማይረጉ ፕላኔቶችን በቦምብ እያፈረሱ በጠፈር ውስጥ ለ20 ዓመት ተጉዘዋል። መንኮራኩራቸው አርጅቷል። አለቃቸው ሞቷል፤ ሆኖም ሬሳው በበረዶ ተይዞ ምክር ይጠየቃል። አንደኛው ቦምብ ይናገራል፤ አልፈነዳም ወይም እፈነዳለሁ በሚለው ጉዳይ ላይም ስለ ህላዌ ፍልስፍና ከሰዎቹ ጋር ይከራከራል። መንኮራኩሩ ውስጥ የሚኖረው ባዕድ ፍጡር ጥፍር የተቀጠለለት የባሕር ዳርቻ ኳስ ነው፤ ገንዘብ ስላልነበረ።

ፊልሙ ቀልድ ነው። ይሁን እንጂ ከስድስት ዓመት በፊት ከታየው ከስታንሊ ኩብሪክ «2001» ጋር ስናስተያየው ቁምነገሩ ይገለጣል። በኩብሪክ ጠፈር ውስጥ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፤ ሰዎቹም እንደ ዕቃዎቹ የተወለወሉ ናቸው። በ«ዳርክ ስታር» ውስጥ ያሉት ሰዎች ጢማቸው ያደገ፣ የተሰላቹ፣ እርስ በርሳቸው የተሰለቻቹ፣ ከምድር የጠየቁት ዕቃ በበጀት ምክንያት የተከለከሉ ሠራተኞች ናቸው። ወደ ጠፈር የወሰዳቸው የማወቅ ጉጉት አይደለም፤ ሥራ ነው። የኦባነንን ቀጣይ ሥራዎች ሁሉ ለማንበብ የመጀመሪያው ቁልፍ ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቁልፍ ፒንባክ ነው። ፒንባክ በምስል ማስታወሻው ላይ እንደሚናገረው ፒንባክ አይደለም። የነዳጅ ሠራተኛ ነበር። እውነተኛው ፒንባክ ራሱን ሲያጠፋ ልብሱን ለብሶ ሳያስበው ተሳፈረ። የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ፣ በሌላ ሰው ስም እየተጠራ 20 ዓመት ኖረ። ተመልካች በዚህ ይስቃል። ግን በአንድ ሰው ውስጥ ሌላ ሰው፣ በአንድ ገላ ውስጥ ሌላ ነገር መኖሩ ኦባነን ከዚህ በኋላ ያልተላቀቀው ጉዳይ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

3. ረቂቁና ፊልሙ

በ1975 አሌሃንድሮ ጆዶሮቭስኪ የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ወደ ፊልም ለመለወጥ ሲነሣ ኦባነንን ወደ ፓሪስ ጠራው። በዚያም ስዊዘርላንዳዊውን ሠዓሊ ሃንስ ሩዲ ጊገርን፣ እንግሊዛዊውን ክሪስ ፎስንና ሞቢየስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀውን ፈረንሳዊ ሠዓሊ ዣን ዢሮን አገኘ። ለሞቢየስም አንድ አጭር የሥዕል ታሪክ ጻፈለት። የፊልሙ ዕቅድ ግን ገንዘብ አጥቶ ከሸፈ። ኦባነን ቤትም ገንዘብም ሳይኖረው ወደ ሎስ አንጀለስ ተመልሶ በወዳጁ በሮናልድ ሹሴት ቤት ሶፋ ላይ ይተኛ ጀመር። «ኤሊየን» የተጻፈው በዚያ ሶፋ ዘመን ነው።

ጽሑፉ እንዴት እንደተገነባ ማወቁ ለክርክሬ አስፈላጊ ነው። ኦባነን ቀደም ሲል የጀመረውና ያልጨረሰው ጽሑፍ ነበረው። የመንኮራኩር ሠራተኞች ከእንቅልፍ ይነቃሉ፤ ከማይታወቅ ፕላኔት ምልክት ይሰማሉ፤ ይወርዳሉ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ቆሞ ነበር። በሌላ በኩል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ የገቡ ትናንሽ ጭራቆች ሠራተኞቹን ሲያጠቁ የሚያሳይ ሐሳብ ነበረው። ሹሴት ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ለመጀመሪያው ጽሑፍ ማብቂያ ይሁን አለ። የቀረው ጥያቄ ፍጡሩ ወደ መንኮራኩሩ እንዴት ይግባ የሚል ነበር። ከሠራተኞቹ በአንዱ ገላ ውስጥ ዘሩን ዘርቶ ይግባ የሚለው መልስም ከሹሴት መጣ። ፍጡሩን ለምን በጥይት አይገድሉትም ለሚለው ደግሞ መልስ የሰጠው ሠዓሊው ሮን ኮብ ነው፤ ደሙ አሲድ ይሁንና መንኮራኩሩን ይብሳው አለ።

እንግዲህ ኦባነን ብቻውን አልጻፈም። ከሌሎች ፊልሞችና ልቦለዶችም ተውሷል። በ1951 የወጣውን «ዘ ቲንግ»፣ በ1956 የወጣውን «ፎርቢደን ፕላኔት» የሚያውቅ ተመልካች ዘመዶቹን ወዲያው ይለያቸዋል። ልቦለድ ጸሐፊው አልፍሬድ ቫን ቮግት ታሪኬ ተወስዷል ብሎ ከሷል፤ ጉዳዩም ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አልቋል። ኦባነን ራሱም ቢሆን ከአንድ ሰው ሳይሆን ከሁሉም ሰው መውሰዱን በቀልድ መልክ አምኗል። የቃል ሥነ ጽሑፍ ያጠና ሰው በዚህ አይደናገጥም። ተረት ነጋሪ ጭራቁንም፣ ጫካውንም፣ ሰባቱን ወንድማማቾችም አልፈጠራቸውም። የሚመዘነው ባስተሳሰረበት መንገድ ነው።

ታዲያ የኦባነን ማስተሳሰሪያ ምንድን ነው? የፍጡሩ የዕድገት ደረጃ የሴራው ደረጃ መሆኑ ነው። ፍጡሩ በመጀመሪያ እንቁላል ነው፤ ቀጥሎ ፊት ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው፤ ቀጥሎ ደረት ሰንጥቆ የሚወጣ ጨቅላ ነው፤ በመጨረሻ ሰው የሚያህል አዳኝ ነው። በየደረጃው የተመልካቹ ጥያቄ ይለወጣል። መጀመሪያ ይህ ምንድን ነው ይላል፤ ከዚያ እንዴት እናላቅቀው ይላል፤ ከዚያ ሰውየው ድኗል ብሎ ይተነፍሳል፤ ከዚያ የት ሄደ ይላል። ገጸ ባሕርያቱ የቀደመውን ጥያቄ ሲመልሱ መልሱ ለአዲሱ ጥያቄ አይሠራም። ግጭቱ ራሱ እንደ ሕያው ነገር ያድጋል። በእኔ ግምት በሳይንስ ልቦለድ ፊልም ውስጥ ጭራቁና ሴራው እንዲህ አንድ አካል የሆኑበት ሌላ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ይህም አስቀድሞ በረቂቁ ላይ አለ።

በረቂቁ ላይ ያለ ሌላም ነገር አለ። ኦባነን ስድስቱን ገጸ ባሕርያት በአባት ስማቸው ብቻ ጠርቶ ሁሉም ሚናዎች በወንድም በሴትም ሊሠሩ እንደሚችሉ ማስታወሻ ጽፏል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት ትሁን የሚለው ውሳኔ የመጣው በኋላ ከፕሮዲዩሰሮቹ ወገን ነው። በሩን የከፈተው ግን ይህ አጭር ማስታወሻ ነው። ሲጎርኒ ዊቨር የተጫወተችው ሪፕሊ ሴት ናት ተብሎ የተለየ ጠባይ አልተሰጣትም። የሥራ ደንብ የምታውቅ፣ ደንቡ እንዲከበር የምትጠይቅ የመርከብ ሹም ናት። በሽተኛውን ይዘው ሲመለሱ በሩን አልከፍትም የምትለው ደንቡ ስለሚከለክል ነው። ደንቡም ትክክል ነበር።

4. ሙግቱ

የኦባነንን ረቂቅ የገዙት ዋልተር ሂልና ዴቪድ ጊለር የነበሩበት ብራንዲዋይን የተባለ የፊልም ድርጅት ሰዎች ናቸው። ሂልና ጊለር ጽሑፉን ደጋግመው ጻፉት። የገጸ ባሕርያቱን ስሞች ሁሉ ለወጡ፤ ምልልሱን አሳጠሩ፤ ሰባተኛ ሰው ጨመሩ። ይህ ሰባተኛ ሰው አሽ ነው፤ የመንኮራኩሩ የሳይንስ ባለሙያ መስሎ የሚኖር ማሽን። ኩባንያው ሠራተኞቹ ቢሞቱም ፍጡሩ ይምጣልኝ ብሎ በምሥጢር ያዘዘው እርሱን ነው። በዚህ ሁሉ መነሻ የጽሑፉ ባለቤት ማን ነው የሚል ሙግት ተነሣ፤ የአሜሪካ የፊልም ጸሐፍት ማኅበርም ዳኝቶ የጽሑፉ ባለስምነት ለኦባነን ብቻ፣ የታሪኩ ባለስምነት ለኦባነንና ለሹሴት እንዲሆን ወሰነ። ፊልሙ በሪድሊ ስኮት አዘጋጅነት በ1979 ታየ።

ማኅበሩ የወሰነው የሙያ ጉዳይ ነው። ሀያሲ ግን በዚህ ብቻ ሊያርፍ አይችልም። እኔ ጽሑፉን ሳነብ የተጠቀምሁበት መለኪያ ቀላል ነበር፤ ይህ ነገር ቢነቀል ምን ይፈርሳል? የፍጡሩ የዕድገት ሥርዓት ቢነቀል ፊልሙ አይኖርም። አሽ ቢነቀል ፊልሙ ይቆማል። ስለዚህ ደራሲው ኦባነን ነው ብዬ ለመደምደም ተቃርቤ ነበር።

ሆኖም ይህ መለኪያ ጉድለት አለበት። መቆምና ታላቅ መሆን አንድ አይደሉም። ኦባነን የአሽን መጨመር አልወደደም፤ ታሪኩ የማያስፈልገው ተቀጥላ አድርጎ ቆጥሮታል። በዚህ ላይ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። በረቂቁ ውስጥ ሠራተኞቹ ያልታደሉ ሰዎች ናቸው፤ መጥፎ ዕድል ገጠማቸው፤ ታገሉ፤ አለቁ። በፊልሙ ውስጥ ግን የተሸጡ ሰዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሕይወታቸው በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ ተጽፏል። ኦባነን በ«ዳርክ ስታር» የጀመረው የተረሳ ሠራተኛ ታሪክ ፍጻሜውን ያገኘው ኦባነን ባልጻፈው፣ እንዲያውም በተቃወመው ገጸ ባሕርይ ነው። ሂልና ጊለር ኦባነንን ከራሱ ይልቅ ጠልቀው አንብበውታል ማለት ይቻላል። የምልልሱም ነገር እንዲሁ ነው። የረቂቁ ገጸ ባሕርያት የሆነውን ሁሉ ያብራራሉ፤ የፊልሙ ሰዎች ግን ስለ ደመወዝና ስለ ጉርሻ እየተጨቃጨቁ፣ እርስ በርስ እየተቋረጡ ይናገራሉ። ሁለተኛው ይበልጣል።

የሥዕሉንም ድርሻ መካድ አይቻልም። ጊገር የነደፈው ፍጡር ባይኖር፣ በውስጡም ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጠው ናይጄሪያዊው የሥነ ጥበብ ተማሪ ቦላጂ ባዴጆ ባይንቀሳቀስ፣ ፍጡሩ እንደገና ጥፍር የተቀጠለለት ኳስ በሆነ ነበር። ጊገርን ከፓሪስ አስታውሶ ለፊልሙ ሰዎች ያስተዋወቀው ግን ኦባነን ነው። የኦስካር ሽልማቱ ለምስል ጥበቡ ሠሪዎች ተሰጠ። ጽሑፉ ለሽልማቱ አልታጨም።

5. ሳያውቁት የሆነ ነገር

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። በተለያዩ አዘጋጆች እጅ እየተደጋገመ የሚመጣ ሐሳብ አለን? አለ። በአጭሩ ላስቀምጠው። በኦባነን ታሪኮች ውስጥ ዋናው ነገር በሰውየው ላይ አስቀድሞ ሆኗል፤ ሰውየው ግን ገና አላወቀም።

በ«ኤሊየን» ውስጥ ኬን ከድካሙ ነቅቶ ራበኝ ይላል። ጓደኞቹ ከብበውት ይበላል፤ ይስቃል። ተመልካች ድኗል ብሎ ያምናል። እርሱ ግን ሞቱን ይዞ ነው በማዕድ የተቀመጠው።

በ1985 ኦባነን ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው «ዘ ሪተርን ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ይህንኑ ወደ ቀልድ ይመልሰዋል። ቦታው እንደገና የሥራ ቦታ ነው፤ የሕክምና ዕቃዎች መጋዘን። ነባሩ ሠራተኛ ፍራንክ አዲሱን ሠራተኛ ፍሬዲን ሥራ እያሳየው ሳለ በስሕተት ወደ መጋዘኑ ከተላከ የጦር ሠራዊት በርሜል ጋዝ ይወጣል። ሁለቱም ይታመማሉ። የመጡት የሕክምና ረዳቶች የልብ ምት አያገኙባቸውም፤ ሙቀታቸውም የክፍሉን ያህል ነው። እየተናገሩ፣ እየተጨነቁ፣ ሞተዋል። በኋላም ጠረጴዛ ላይ የታሰረች አንዲት ሬሳ ለምን የሕያዋንን አንጎል እንደሚበሉ ስትጠየቅ የመሞት ሕመም ስለሚያስታግስ ነው ብላ ትመልሳለች። በሕያው ሙታን ፊልሞች ውስጥ ሬሳ ሕመም እንዲሰማው ያሰበ ሌላ ጸሐፊ አላጋጠመኝም። ፍራንክ በመጨረሻ ያለበትን ሁኔታ ሲያውቅ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ በራሱ ፈቃድ ወደ እቶኑ ይገባል። አስቂኝ በሆነ ፊልም መካከል የገባ ይህ ትዕይንት ኦባነን ከጻፋቸው ሁሉ የላቀው ነው እላለሁ።

ኦባነን ክሮንስ የተባለው የአንጀት በሽታ ነበረበት፤ በ2009 የሞተውም በዚሁ ሳቢያ ነው። ብዙዎች የ«ኤሊየን»ን የልደት ትዕይንት ከዚህ ሕመም ጋር ያያይዙታል። ማያያዙ ምክንያት አለው። ሆኖም ሕመም ብቻውን ድርሰት አይጽፍም። ሆዳቸውን የታመሙ ብዙዎች ናቸው፤ «ኤሊየን»ን የጻፈው ግን አንድ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው የሕመምተኛው እውቀት ወደ ሴራ ሥርዓት መለወጡን ማየት ነው። በሽተኛ ማለት በገላው ውስጥ የሆነውን ዘግይቶ የሚሰማ ሰው ነው። ይህ መዘግየት በኦባነን እጅ የትረካ ስልት ሆነ።

ሌሎቹ ማስረጃዎች ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በ1990 የወጣው የፖል ቨርሆቨን «ቶታል ሪኮል» ዋና ገጸ ባሕርይ ኩዌድ በውስጡ ሌላ ሰው መኖሩን አያውቅም። ለእኔ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ነገር ግን መነሻው ፊሊፕ ዲክ በ1966 ያሳተመው አጭር ልቦለድ ነው፤ ሐሳቡም የዲክ ነው። ከዚህም በላይ ኦባነንና ሹሴት የጀመሩት ጽሑፍ ለፊልም እስኪበቃ ከአሥር ዓመት በላይ በብዙ እጅ ተገላብጧል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት በፊልሙ ውስጥ ከሰው ሆድ ላይ በቅሎ የሚናገረውን ኩዋቶን የኦባነን ፊርማ ነው ብዬ በክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። ቆይቼ ስረዳ ያ ነገር የመጣው ዴቪድ ክሮነንበርግ በፊልሙ ላይ ሲሠራ ከጻፋቸው ረቂቆች ነው። ፊርማ የሚፈልግ ሀያሲ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ላይም ፊርማውን ያገኘዋል። ይህን ስሕተቴን የምጠቅሰው ተማሪዎች እንዲጠነቀቁበት ነው።

በ1995 የወጣው «ስክሪመርስ»ም እንዲሁ በዲክ የ1953 ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ጽሑፉ ከሚገል ቴሃዳ ፍሎረስ ጋር የጋራ ነው። ሰው መስለው የሚመጡት መሣሪያዎች የዲክ ናቸው። መቼቱ በፊልሙ ውስጥ የማዕድን ሠራተኞች ዓለም መሆኑ ከኦባነን ጋር ቢስማማም ለውጡ የማን እንደሆነ ከፊልሙ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። በ1983 የወጣው የጆን ባደም «ብሉ ተንደር» ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ኦባነንና ዶን ጃኮቢ በጻፉት የመጀመሪያ ረቂቅ የፖሊስ ሄሊኮፕተር አብራሪው አእምሮው የታወከ አደገኛ ሰው ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ጀግና ሆኖ ወጣ። እዚህ ላይ የሌሎች እጅ ጽሑፉን አልጠቀመም፤ አለሳለሰው። በ1985 በቶብ ሁፐር የተዘጋጀው «ላይፍፎርስ» ከኮሊን ዊልሰን ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን ብዙ ትዕይንት እንጂ ሥርዓት የለውም። በውስጡ የሚያድግ ግጭት ስለሌለ ኦባነን ከስሙ በቀር አይታወቅበትም።

ስለዚህ ተማሪው አምስት ፊልሞች ብሏል፤ እኔ በልበ ሙሉነት የምቆምላቸው ሦስት ናቸው፤ «ዳርክ ስታር»፣ «ኤሊየን»ና «ዘ ሪተርን ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»። በሌሎቹ ላይ ምርጫውን አያለሁ። ጸሐፊ የሌላ ሰው ታሪክ ሲመርጥም ስለ ራሱ ይናገራል። ምርጫ ግን ከድርሰት ያነሰ ማስረጃ ነው። ሦስቱ የተዘጋጁት በሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆኑ ግን ለክርክሬ በቂ ነው። ካርፔንተርና ስኮት በስልትም በመንፈስም አይመሳሰሉም፤ ሦስተኛው አዘጋጅ ራሱ ኦባነን ነው። በሥራ ቦታው የተረሳው ሠራተኛ፣ በውስጡ ያለውን ዘግይቶ የሚያውቀው ገላ፣ በየደረጃው መልኩን የሚለውጠው ግጭት በሦስቱም ውስጥ አሉ። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም።

6. ማጠቃለያ

የፊልም ጽሑፍ ደራሲ አለው። ነገር ግን እንደ ልቦለድ ደራሲ ቃሉን ሁሉ የሚገዛ ደራሲ አይደለም። ኦባነን ለ«ኤሊየን» የሰጠው ጥያቄዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጡ የሚወስን ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሌሎች ገብተው አንዳንዴ ከእርሱ የተሻለ ጽፈዋል፤ አንዳንዴም አበላሽተዋል። ሥርዓቱ ግን የተሻለውንም የባሰውንም የሚያስተናግድ ቤት ሆኖ ቆይቷል። ኦባነን ስለ ፊልም ጽሑፍ አወቃቀር ያስተማረው ትምህርት ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ በመጽሐፍ ወጥቷል። የመጽሐፉም ዋና ጉዳይ ግጭትና ግጭቱ ወደ ኋላ የማይመለስበት ቦታ መሆኑ አያስገርምም።

ለተማሪዬ የነገርሁት ምሳሌ ስሕተት ነበር። ርብራብ ቤቱ ሲያልቅ ይነሣል፤ የቤቱን ቅርጽ የወሰነው እርሱ አይደለም። የፊልም ጽሑፍ የሚመስለው የቤቱን ንድፍ ነው። ንድፉን ያልጠበቀ ግንበኛ የተሻለ መስኮት ሊያወጣ ይችላል፤ ሆኖም የተሻለ መሆኑን የምናውቀው ንድፉ በእጃችን ካለ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የእኛን ክፍል በቀጥታ ይነካል። ከላይ ያቀረብሁት ሁሉ፣ አሽ የሂልና የጊለር መሆኑም፣ ማስታወሻው የኦባነን መሆኑም፣ ኩዋቶ የእርሱ አለመሆኑም ሊታወቅ የቻለው ረቂቆቹ ስላልተጣሉ ነው። ረቂቅ በሌለበት ቦታ ጸሐፊው በአዘጋጁ ስም ይዋጣል፤ የሀያሲውም ፍርድ ግምት ይሆናል። በአማርኛ የሚጻፉ የፊልም ጽሑፎች ረቂቆቻቸው በማን እጅ እንዳሉ፣ ስንቶቹ ቀረጻው ሲያልቅ አብረው እንደሚያልቁ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። ለማጥናት በመጀመሪያ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ለመሰብሰብ ደግሞ የሚጠና ነገር መሆኑን ማመን ያስፈልጋል። እኔ ያንን ቀን በቢሮዬ ያላመንሁት ይህንን ነው።

ተማሪው ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህ መጽሔት ከእጁ ከገባ፣ ያቀረበው ርእስ ትክክለኛ ርእስ እንደነበር ይወቅልኝ። ሌላ ተማሪ ያንኑ ርእስ ይዞ ቢመጣ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረቂቁን አግኝተኸዋል ወይ እለዋለሁ።